አስቸኳይ፦ የሣር ማጨጃዋ ቺንጋ ይጨሳል፣ ሠርጉ እሑድ ነው

የሽምብጥ ልጅ፦
ወገኖች ድረሱልኝ። ተቀምጠው የሚነዷትን አሮጌ የሣር ማጨጃ ለወንድሜ ሠርግ አሰማምሬያታለሁ። ኮፈኗ በላሜራ እንደ ታንኳ አፍንጫ ሹል ተደርጎ ቀይ ተቀብቷል፣ ወንበሯ የባጃጅ ነው፣ ማርሚታዋ ወደ ላይ ቆሟል። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ ሲነሡ ከፊት እየመራሁ የምገባው እኔ ነኝ። እንዳታሳፍረኝ ብዬ ቺንጋው የሚዞርባቸውን ፑሊዎች ቀይሬ ፍጥነት ጨመርኩላት። አሁን ፔዳሉን ስለቀው ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ይጨሳል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ደግሞ ጭራሹን ይወልቃል። ምን ላድርግ?

ባለ ባጃጅ፦
ካንዴላውን ቀይረኸዋል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሞተሩ ደኅና ነው። የሚጨሰው ቺንጋው ነው።

አትክልተኛው፦
ልጄ፣ እኔ የሆቴል ግቢ ሳጭድባት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሰው እርምጃ ትንሽ ብቻ የምትፈጥነው በምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ስትሮጥ ሣሩን ታኝከዋለች እንጂ አታጭደውም። ደግሞስ ምላጩ ከሥሯ አለ? ሕፃናት በሚሯሯጡበት ዳርቻ ምላጭ ይዘህ ልትገባ ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
አባቴ፣ ምላጩ ከነሳህኑ ወልቆ ቤት ተቀምጧል። ማንም ሣር የሚያጭድ የለም።

አንባቢው፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሣር ማጨጃ እሽቅድምድም በማኅበር ተደራጅቶ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 እንግሊዝ አገር፣ ሰሴክስ ውስጥ ነው፤ እዚያም የመጀመሪያው ደንብ ምላጩ ይውለቅ የሚል ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ማሽንህ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ኃይሏን ገና ሳትነሣ አጥታለች። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል።

ባለ ባጃጅ፦
ታዲያ እኔስ ካንዴላ አላልኩም?

የዘጌ ቡና፦
ማርሚታው ወደ ላይ፣ ጭሱ ጥቁር፣ አንተ ከፊት፣ ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ ከኋላ። እኔ እናቷን ብሆን ታንኳህን ጣና ውስጥ ነበር የምከታት።

ዓባይ ማዶ፦
ፍጥነት ከፈለግክ ፑሊ ምን ያደርጋል? ካርቡራተሩ አጠገብ የሞተሩን ዙር የሚገድብ ክፍል አለ። እሱን መንቀል ነው።

ባለ ቶርኖ፦
አይሞከርም! እነዚህ ሞተሮች በደቂቃ ከ3,600 ዙር እንዳያልፉ የተገደቡበት አንዱ ምክንያት ቢየላቸው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም መሆኑ ነው። ገደቡ ሲነቀል ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ ይቀዳል፤ ቮላኖው (ከባዱ የሞተር መንኩራኩር) ከፈነዳ ደግሞ ስብርባሪው የሚመጣው ወደ ጉልበትህ ነው። ይልቅ ጠያቂው ንገረኝ፤ የፑሊዎቹ ዲያሜትር ስንት ነበር፣ አሁንስ? ቺንጋውስ የትኛው ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ጋሼ፣ የሞተሩ 8 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ 12 አደረግኩት። የካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) 18 ነበር፣ እሱንም 12። ቺንጋው የድሮው ነው።

ባለ ባጃጅ፦
ሰው ሁሉ የረሳው ካንዴላ ነው።

ባለ ቶርኖ፦
ነገሩ ተገኘ። ቺንጋው የእያንዳንዱን ፑሊ ግማሽ ዙሪያ ያህል ይታቀፋል። ከፊት፣ ከሞተሩ፣ 4 ጨመርክ፤ ከኋላ፣ ከካምቢዮው፣ 6 ቀነስክ፤ ስለዚህ ቺንጋህ አሁን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞብሃል። ቺንጋውን የምትወጥረው የወጣሪዋ ፑሊ ሞላ መጨረሻዋ ደርሳ መወጠር አቅቷታል። በዚያ ላይ የኋላው ፑሊ ሲያንስ ቺንጋው የሚይዘው ቦታ ያንሳል፣ ሸክሙ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆኗል። ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይጨሳል።

ቺንጋ በኢንች ስለሚቆጠር 1 ኢንች የሚያጥረውን ግዛና ቀሪውን በወጣሪዋ አስተካክል። የመኪና ቺንጋ አትግጠም፤ እዚህ ማሽን ላይ ፍሪሲዮኑ ራሱ ቺንጋው ነው፣ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ላልቶ መንሸራተት አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው በጨርቅ የተሸፈነው ነው። ቺንጋው እንዳይወልቅ በፑሊው ዳር የቆሙትን ዘንጎችም ተመልከት። ፑሊው ሲተልቅ ካላራቅካቸው ቺንጋውን ይልጡታል። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ አጋድመህ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውንም አረጋግጥ።

ዓባይ ማዶ፦
ስንት ትሮጣለች ታዲያ?

ባለ ቶርኖ፦
በፋብሪካ አሠራሯ በሰዓት 8 ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ፣ አሁን 19 ትደርሳለች። እኔ ብሆን ግን የኋላውን 18 መልሼ የፊቱን 12 እተወዋለሁ። 13 ገደማ ትሆናለች፣ ለሠርግ ይበቃል። በዚህኛው አገጣጠም ቺንጋው ከድሮው 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መሆን አለበት።

ዓባይ ማዶ፦
19 ይሻላል። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁለት ሞክራት!

ባለ ቶርኖ፦
ቁልቁለት አትውሰዳት። ፍሬኗ ካምቢዮው ላይ ያለች የመዳፍ ስፋት እንኳ የሌላት ዲስክ ናት። ፔዳሉን ስትረግጥ ቺንጋው ስለሚላላ ሞተሩም አይዝህም። የፊት ጎማዎቹም በኩሽኔታ ሳይሆን በተራ ቡሽ (እጅጌ መሰል ቀለበት) ስለሚዞሩ ግራሶ ስጣቸው።

የዘጌ ቡና፦
እሑድ አለፈ። ቬሎው ተረፈ?

ባለ ባጃጅ፦
ዝም ካለ ካንዴላው ነው።

አትክልተኛው፦
ልጄ፣ ያወለቅከው የማጨጃ ሳህን ይሸጣል? የእኛ ዝጎ ተበስቷል። ምላጩ ቢደንዝም ግድ የለም፣ እኔ እስለዋለሁ።