ሕዝብ ወደ ዳር ሲወጣ ወንበሩ አብሮ አይወጣም?

የአራብሳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ቦሌ አራብሳ ገባሁ። በ2013ቱ ምርጫ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ የመረጥኩት ከምሳ በኋላ ነው። እናቴ እዚያው አራት ኪሎ መርጣ፣ ተመልሳ ቡና አፍልታ ሁሉ ደውላልኛለች፤ «አንቺ ገና ነሽ?» እያለች። እኔ የምለው፣ ስንትና ስንት ብሎክ ሰው ከመሀል ከተማ ወጥቷል። ምርጫ ክልሉን የሚያካልለው ማነው? ሕዝብ ሲበዛ የፓርላማ ወንበር አይጨመርም?

ምርጫ አስፈጻሚ የነበርኩ፦
እህቴ፣ ሰልፉንና ወንበሩን ለይተሽ እይው። ሰልፍ የምርጫ ጣቢያ ጉዳይ ነው። አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘግብም፤ ሲሞላ ሌላ ይከፈታል። ወንበር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ አለልሽ። በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል፣ ምርጫ ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ቀጣዩ ሲራዘም፣ ሲራዘም ቀረ። ሳይቆጠር በምን ይከለል? ደግሞ ጣሪያ አለው፤ ከ550 አይበልጥም። አሁን 547 ነው። ለአራብሳ ይጨመር ካልሽ ከሌላው ላይ ተነስቶ ነው።

የጅግጅጋ ልጅ፦
አዲስ አበቤዎች፣ እናንተም ወንበር አነሰን ልትሉ ነው? በዚያው በ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ሶማሌ ክልል 4.45 ሚሊዮን። ወንበራችን ግን እኩል ነው፤ 23 ለ23። አካፍሉት። እናንተ ለ119 ሺህ ሰው አንድ ተወካይ፣ እኛ ለ193 ሺህ ሰው አንድ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቆጠራ ብቻውንም አያድንም። እዚህ አሜሪካ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፣ የምርጫ ክልል ካርታውም ይቀየራል። ችግሩ፣ በብዙ ስቴት ካርታውን የሚሰሩት ራሳቸው ፖለቲከኞቹ ናቸው። የኛ ሜሪላንድ ምክር ቤት ከ2020ው ቆጠራ በኋላ ያወጣውን ካርታ ዳኛ በማርች 2022 ጣለችው፤ ለአንድ ፓርቲ ተብሎ የተቆራረጠ ነው ብላ። እንደገና ተሠራ።

የአራብሳዋ፦
የጅግጅጋው ልጅ፣ አፌን አስያዝከኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሁላችንም የምንጠቅሰው የ1999ን ቁጥር ነው። ያኔ እኔ አሁን የምኖርበት ብሎክ ላይ ጤፍ ነበር የሚዘራው።