ሦስት የላብ ሴክሽን፣ ሁለት ልጆች፦ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን እንዴት ትችሉታላችሁ?

ጠያቂ፦ የላብ ሦስት መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የ6 ዓመት ሴት ልጅ፣ እንዲሁም አንድ ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ በሌላ ዞን በመንገድ ሥራ ላይ ስለተሰማራ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ያውም ዝናብ ካላስቀረው። ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አመነታሁ። «መምህር ምን ሥራ አለው፣ ሁለት ሰዓት አስተምሮ ይገባል» የሚለውን ከጎረቤትም ከዘመድም ደጋግሜ ስለምሰማው፣ አንዳንዴ ራሴም ሳላምነው አልቀርም።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ዴታ ስትራክቸር (በፕሮግራም ውስጥ መረጃ የሚደራጅበትን መንገድ የሚያስተምር ኮርስ) ከነላቡ፣ ማለትም ከነተግባር ልምምዱ፣ እሰጣለሁ። ሴክሽኑ ሦስት ሲሆን በእያንዳንዱ 50 ገደማ ተማሪ አለ። ለአንድ አሳይንመንት 150 ፕሮግራም ይመጣልኛል ማለት ነው፤ አንዱን ከፍቶ፣ ኮምፓይል አድርጎ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ቀይሮ)፣ ጥቂት ግብዓት ሰጥቶ ለማየት 6 ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ጠቅላላው 15 ሰዓት ይፈጃል። ይህ 15 ሰዓት በየትኛውም የሥራ ጫና ቅጽ ላይ አይሞላም። በእኛ ዘንድ የላብ ሰዓት ራሱ ከሌክቸር ሰዓት ባነሰ ሒሳብ ነው የሚያዘው፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ «መምህርት፣ የእኔ አይሠራም» እያለ እጁን ሲያወጣ የሚፈሰው ጉልበት ግን ከሌክቸሩ እንደማያንስ ላብ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ላቡ ይቀራል፣ ማካካሻው ቅዳሜ ይሆናል። የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ለተመራቂዎች የክለሳ ትምህርት አለ፤ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር በመሆኑ በፈተናው ሰሞን ማሽኖቹን የምናዘጋጀውም እኛው ነን። ከዚህ ሁሉ በላይ የሴክሽኖቹ የቴሌግራም ቡድኖች ከምሽቱ አራት ሰዓትም በኋላ አይተኙም።

ያለፈው ሐሙስ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ስቀመጥ ስለሚያለቅስ አዝዬው ቆምኩና ላፕቶፑን ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ የሊንክድ ሊስት (እንደ ሰንሰለት የተያያዘ የመረጃ ዝርዝር) አሳይንመንት ማረም ጀመርኩ። በማግስቱ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ዜሮ አግኝታ ዓይኗ በእንባ ቀልቶ ቢሮዬ መጣች። ፋይሉን መልሼ ሳየው የጎደለ ነገር የለውም፤ ለካ የሌላ ተማሪ ፋይል ሁለት ጊዜ ከፍቼ ውጤቱን በእሷ ስም መዝግቤው ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩት፤ ስንት ሌላ ሳይታወቅ እንዳለፈ ግን አላውቅም።

የቤት ሠራተኛዬ ለፋሲካ አገሯ ሄዳ አልተመለሰችም፤ አሁን ልጁን ግማሽ ቀን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ናት። በዚህ መሐል ትምህርት ክፍሉ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር አንድ ኮርስ እንድይዝ ጠይቆኛል፤ ክፍያው ለቤት ኪራይ በእጅጉ ይጠቅመኝ ነበር። የዶክትሬት ትምህርት ዕድልም ወጥቷል። ሁለቱንም እምቢ ብል ከባልደረቦቼ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ እሺ ብል ልጆቼን ማን ያያል? በተለይ የኮድ እርማትን ከቤት ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት በዝርዝር ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የቀድሞ ኃላፊ

ውድ እህታችን፣ 22 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ወደ ቤት የሚወሰድ የኮድ እርማት ይቅርብዎት። ይህን የምለው ለእርስዎ በማዘን ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ በተማሪ እጅ ገብተዋል፤ ተማሪው ቤቱ ሠርቶ ከሚያመጣው ፕሮግራም ውስጥ የትኛው የራሱ እንደሆነ በማንበብ ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ እርስዎ ልጅ አዝለው፣ ቆመው የሚያነቡት ተማሪው ራሱ ያላነበበውን ኮድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ 15 ሰዓት ማጥፋት ልጆችዎንም ተማሪዎችዎንም አይጠቅምም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አሳይንመንቱን እሰጣለሁ፤ ሠርተው ማምጣታቸው ግን ነጥብ አያሰጥም። ነጥቡ የሚያዘው በላብ ሰዓት፣ በማሽኑ ፊት ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን ይከፍታል፣ እኔ አንድ ለውጥ አዝዛለሁ፤ ለምሳሌ «አዲሱ ኖድ (የሊስቱ አንድ አባል) ከመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያ ይግባ» ወይም «ሊስቱ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አሳየኝ» እላለሁ። ኮዱን የጻፈው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፖይንተሩን (ወደ ሌላ ኖድ የሚያመለክተውን ቀስት) ያዞራል፤ ያልጻፈው ስክሪኑን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ይበቃል። ሴክሽኑን ለሁለት ከፍዬ በየሳምንቱ ግማሹን ስለምጠይቅ 25 ተማሪ በ125 ደቂቃ ያልቃል፤ የሦስት ሰዓት ላብ ይበቃዋል፣ ቀሪዎቹም በዚያው ጊዜ የዕለቱን መልመጃ ይሠራሉ። ውጤቱን እዚያው መዝግቤ ስለምወጣ የሰው ፋይል ከሰው ፋይል የሚቀላቀልበት ዕድልም የለም።

ዩኒቨርሲቲዎ ሙድል (በኢንተርኔት ኮርስ የሚሰጥበት ሥርዓት) ካለው «ቨርቹዋል ፕሮግራሚንግ ላብ» የሚባለውን ተጨማሪ እንዲጭኑልዎ ይጠይቁ፤ አስቀድመው ያዘጋጁትን ግብዓት ለተማሪው ፕሮግራም ሰጥቶ ውጤቱን ራሱ ያወዳድራል። የሙከራ ግብዓቶቹን መጻፍ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ጊዜ ይበላል፤ ትርፉን የሚያዩት ኮርሱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጡት ነው። ዘንድሮ፣ በዚህ ድካም ላይ፣ ባይጀምሩት ይሻላል።

ስለ ቅዳሜና እሁዱ ኮርስ ደግሞ ኃላፊ ሳለሁ ያደረግሁትን ልናዘዝ። ተጨማሪ ኮርስ ሲመጣ የምሰጠው ለሚችለው ሰው ሳይሆን እምቢ ለማይለው ሰው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት እሺ ያለ መምህር ዛሬም እሺ እንደሚል አውቃለሁና። እምቢታዎን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ያድርጉት፤ የሌክቸር፣ የላብ፣ የማካካሻና የክለሳ ሰዓትዎን በሠንጠረዥ አያይዘው ያስገቡ። ደብዳቤ ከፋይል አይጠፋም። ዶክትሬቱን ግን እምቢ ባይሉት እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ የዶክትሬቱ ኮርሶች የት እንደሚሰጡ፣ ቀጥሎም ቅበላውን ለአንድ ዓመት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

መልስ 2፦ ኔትወርክ አስተማሪው

የቀድሞው ኃላፊ ያሉት ስለ እርማቱ ትክክል ነው። ይሁንና የጠያቂዋን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳነበው፣ ባለቤቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቅ ብለው ከዚያ ጠፍተዋል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚመጣ አባት ሲመጣ እንግዳ ይሆናል፤ ዶሮ ይሠራለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል፣ እናትየውም ሁለት ቀን ተጨማሪ ሥራ ታገኛለች። ይህን የምለው በሰው ትዳር ለመግባት አይደለም፤ እኔ በየቀኑ ቤት እያደርኩ እንግዳ ስለነበርኩ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጁ ከእኔ ጋር ያድራል። የኔትወርክ ኮርስ ከማስተማሬ ሌላ የግቢው ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ስለነበር፣ ሰውነቴ ሶፋ ላይ ሆኖ ልቤ ሰርቨር ክፍል ነበር። አንድ ማታ ልጁ ራቱን ሳይበላ እንዳደረ ያወቅሁት ጠዋት እናቱ ከሥራ ገብታ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው ነው። ምንም አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔን ቢሮ ቆልፌበት ነው የምወጣው። የቀረ ሥራ ካለ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ እሠራዋለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ላይም ልጅ እንደማመጣ ተናግሬ እነሣለሁ። መጀመሪያ ላይ «ሚስቱ ትጠብቀዋለች» ተብሎ ተሳቀብኝ፤ አሁን ከእኔ ጋር የሚነሡ ሦስት ሆነዋል።

ስለዚህ ለባለቤትዎ የሚቆጠር ሥራ ይስጧቸው። ሩቅ ያለ ሰው ገንዘብ ከመላክ ሌላ ሊሠራው የሚችል ነገር አለ፤ አዲስ ሠራተኛ ፈልጎና ዋስ ይዞ መቅጠር፣ ለዝውውር ማመልከትና ጉዳዩን መከታተል፣ ሲመጡም አንዱን ቀን ከልጆቹ ጋር ብቻቸውን ውለው እርስዎን ለሥራዎ ወይም ለእንቅልፍዎ መልቀቅ።

ሌላው የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣውና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ከመፍቀዱ ሌላ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙም ደንግጎ ነበር። በእኛ ግቢ ይህ ለዓመታት ወረቀት ላይ ነበር። 14 ሠራተኞች ፈርመን ማመልከቻ አስገባን፤ ከፈረሙት መካከል አምስቱ አባቶች ነበርን። ክፍል ተሰጠን፣ ፍራሽ ግን እስኪገዛ አምስት ወር ፈጀ። አሁን ይሠራል። በእርስዎ ግቢ ከሌለ ብቻዎን ሳይሆን ከጽዳት ሠራተኞቹም፣ ከቤተ መጻሕፍቱም፣ ከሬጅስትራሩም እናቶችን ይዘው ይጠይቁ፤ አንድ ኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ብቻዋን ስትጠይቅ የግል ችግር ይመስላቸዋል።

መልስ 3፦ ከሜሪላንድ

አንቺ ልበልሽና እህቴ፣ እኔ አዲስ አበባ ተምሬ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ተመችቶት የሚኖር እንዳይመስልሽ። እዚህ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስጠብቅልሽ የ12 ሳምንት ፈቃድ ያለ ክፍያ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ያጠራቀምኩትን የሕመም ፈቃድ ነው የበላሁት። እናቴ ልትረዳኝ መጥታ፣ በጎብኚነት የተፈቀደላት ስድስት ወር ሲያልቅ ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ተመለሰች። ጎረቤትሽን አደራ፣ አክብረሽ ያዢያት።

ስለ ማታው ቴሌግራም አንድ የሠራልኝን ልንገርሽ። የተማሪዎቼን ጥያቄ ለአንድ ወር መዝግቤ ሳየው አብዛኛው አምስት ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። በአንድ ገጽ ጻፍኩት፦ የስሕተት መልእክቶቹን ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ፣ የመጀመሪያው ሲታረም ብዙዎቹ አብረው ይጠፋሉና፤ መሥመር 20 ላይ ስሕተት ከተባለ የጎደለው ሰሚኮለን መሥመር 19 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንዳገኛችሁ ሳትጽፉ «አይሠራም» አትበሉ፤ ከእኔ በፊት ሁለት የክፍል ጓደኛ ጠይቁ። የአንቺ ተማሪዎች የሚጽፉት በሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆንም ይኸው ነው። ቴሌግራም ላይ የቡድኑ አስተዳዳሪ አባላት መልእክት እንዳይልኩ መዝጋት ይችላል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋት ዝጊው። ማታ አሥር ሰው የጠየቀው ጥያቄ ጠዋት ሲከፈት ስንት እንደሚቀር ታዪዋለሽ።

ጠያቂዋ ተመልሳ፦ የላብ ሦስት መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ የምጽፈው ሞክሬ ለመናገር ብዬ ነው። የመጠየቁን ዘዴ በአንዱ ሴክሽን ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን 25 ሰው አልደረስኩም፤ 17 ላይ ሰዓቱ አለቀ፣ ምክንያቱም መልሱን ሳልጠብቅ ማስተማር እጀምራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አፌን ዘግቼ 24 ደረስኩ። ያዘንኩት በቤት ሥራ ሙሉ ነጥብ ሲያገኙ ከነበሩት መካከል ሰባቱ «ሄድ» የሚለው ፖይንተር ምን እንደሚያመለክት መናገር አለመቻላቸው ነው፤ ደስ ያለኝ ደግሞ ያቺ ዜሮ የሰጠኋት ልጅ ጎረቤቷን ስታስረዳ ማየቴ ነው።

የቅዳሜና እሁዱን ኮርስ በደብዳቤ መልሻለሁ። ኃላፊው ፊታቸው አልፈታም፤ ቢሆንም ደብዳቤውን ተቀብለው መዝግበዋል። ክፍያው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የዶክትሬቱ ቅበላ ለአንድ ዓመት ይዘግይልኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ባለቤቴ የኔትወርክ አስተማሪውን መልስ ሳስነብበው መጀመሪያ ተቆጣ፣ በማግስቱ ደግሞ ከአክስቱ ዘንድ ሠራተኛ እንዳገኘ ደወለ። እሑድ ልጆቹን ይዞ ዋለ፤ ልጅቷ ፀጉሯን በአባቷ ተሠርታ ስትመጣ ጎረቤቶቻችን ለሁለት ቀን ሳቁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት ጥያቄው በተጀመረ በአርባ ደቂቃው መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። እንዲህ ሲሆን ማካካሻ ቅዳሜ ሳትይዙ ያለፋችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ።

መልስ 4፦ የቀድሞ ኃላፊ

ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ የታተመ ኮድ እይዛለሁ፤ ሃያ መሥመር የማይበልጥ፣ አንድ ስሕተት የተደበቀበት፣ አራት ዓይነት አድርጌ አባዝቼው። መብራት ሲጠፋ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው የእያንዳንዱን ኖድ ሣጥንና ቀስት በእርሳስ እየሣሉ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ የቱ ቀስት ወዴት እንደሚዞር ያሳዩኛል። ነጥቡ ያው ነው፣ ቅዳሜም አይነካም። የእኔን አራቱን ገጾች ነገ ስካን አድርጌ እዚሁ እለጥፍልዎታለሁ፤ በሦስተኛው ላይ ያለችውን ስሕተት ግን መልሱን ሳያዩ ቢፈልጓት ደስ ይለኛል፣ ብዙ መምህራን አምልጣቸዋለችና።