«ሕፃን ምን ይፈጃል? ወተት ብቻ ነው»

የጉለሌዋ፦
ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። አንዲት ሴትዮ ደወለች። ታናሽ እህቷ የሦስት ወር ልጇን ለእሷ ትታ ቤሩት ሄደች። ሴትዮዋ የራሷ ሁለት ልጆች አሏት። ሦስተኛ አድርጋ አራት ዓመት አሳደገችው። አሁን እህት ተመልሳ «ልጄን አምጪ» አለች። ሴትዮዋ «ልጁን አልከለክላትም፣ ግን ካወጣሁት ግማሹን እንኳ ትመልስልኝ» ስትል አዘጋጁ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ለሥጋ ሂሳብ አይወራም»። ቀጥሎ የደወለው ሰውዬ ደግሞ «ሕፃን ምን ይፈጃል? ወተት ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። ይሄ ሰው ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ያውቃል?

ደብረ ብርሃን 04፦
አዘጋጁ ልክ ነው። እህት ለእህቷ ደረሰኝ ልትቆርጥ ነው? እናቴ የወንድሟን ሦስት ልጆች አሳድጋለች። አንድ ቀን ሂሳብ ስታነሳ አልሰማሁም። ሰውዬውም ቢሆን እውነት አለው። በቤቱ ማዕድ ላይ አንድ አፍ ቢጨመር ምን ይጎድላል? ልጅ በዕድሉ ያድጋል።

የጉለሌዋ፦
እናትህ ስትወስዳቸው ትንሹ ስንት ዓመቱ ነበር?

ደብረ ብርሃን 04፦
ስድስት።

የጉለሌዋ፦
ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ሽሮ ይበላል። የሦስት ወሩ ሽሮ አይበላም ወንድሜ።

ሃምሳ ሎሚ፦
«ወተት ብቻ» የምትለዋን እኔ ላንሳት። የአክስቴ ልጅ ወልዳ ታመመችና ሕፃኑን ሰባት ወር ይዤዋለሁ። ጡት ያላገኘ ልጅ የቆርቆሮ ወተት ነው የሚጠጣው። 400 ግራሙ ቆርቆሮ አራት ቀን ቢያደርሰኝ ነው። በወር ሰባት ስምንት ቆርቆሮ በሉት። ዋጋውን አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይጨምራል። ዳይፐሩ አለ። ሥራ አለኝና ሞግዚት ቀጠርኩ። ሞግዚት ደግሞ ደሞዝ ብቻ አይደለችም፣ ትበላለች፣ ትታመማለች፣ ለበዓል ይለበስላታል። አከራዬ የዳይፐር ከረጢቱን በር ላይ ሲያይ «ውሃ በዛ» ብሎ ኪራይ ጨመረ። በነፃ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የጤና ጣቢያ ክትባት ነው። ወተት ብቻ!

ደብረ ብርሃን 04፦
ሞግዚቷን የቀጠርሽው ለራስሽ ሥራ ብለሽ ነው። ለምን በልጁ ላይ ታስቢዋለሽ? ስምሽንም ሃምሳ ሎሚ ብለሽ ለብቻዬ ተሸከምኩት ትያለሽ።

ሃምሳ ሎሚ፦
ሃምሳው ሰውማ ነበረ። ክርስትናው ላይ።

ሥራዬን ደግሞ ልተወው ነበር? ለወለደች አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል። እኔ ልጁን አቅፌ ስመጣ አለቃዬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላለኝም። የዓመት ፈቃዴን ነው የጨረስኩት።

ጠበቃው፦
ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። ሴትዮዋ ልጁን በአደራ ነው የተቀበለችው ወይስ በጉዲፈቻ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 213/1992 ማለቴ ነው፣ ጉዲፈቻ ስምምነት ይፈልጋል፣ ስምምነቱንም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት፣ ልጁ ደግሞ ከ18 በታች መሆን አለበት። ያ ካልተደረገ ሴትዮዋ በሕግ ዓይን አክስት ናት። አራት ዓመትም ታሳድገው፣ አሥር፣ ያው አክስት ናት። እናት መጥታ ብትወስደው የምታሳየው ወረቀት የላትም።

ደብረ ብርሃን 04፦
ለገዛ እህት ልጅ ፍርድ ቤት? ድሮ የጡት ልጅ ሲደረግ የትኛው ዳኛ አጸደቀው? ጣትን ማር ነክሮ ማጥባት ነበር፣ አለቀ።

ጠበቃው፦
አላለቀም። ማሩን ያጠባው ሰው በምስክር ፊት ነው ያጠባው። ወረቀት ባይኖርም ሽማግሌ ነበረ። ዛሬ ያ ሽማግሌ የት አለ? የኮንዶሚኒየም ጎረቤትህ ስምህን አያውቅም።

የነቀምቴው፦
ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ማሳደግ ከሚለው። እኛ ጋ የጉዲፈቻ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፣ ነገሩም በይፋ ነው የሚደረገው። ሰው ሁሉ ያውቃል። አዲስ አበባ ግን ጉዲፈቻ ሲባል ለፈረንጅ የሚሰጥ ልጅ ብቻ ይመስላችኋል። ስለዚህ ለእህት ልጅ ሲሆን ቃሉን ትፈሩታላችሁ። «አብሮን ይኖራል» ትላላችሁ። አብሮን ይኖራል ምን ማለት ነው? ተከራይ ነው?

ደብረ ብርሃን 04፦
አሁን ደግሞ የቃል ትምህርት ተጀመረ። ወረቀት ወረቀት ትላላችሁ። በጉዲፈቻ አሜሪካ ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት የሞተችው ልጃችን ሐና ወረቀት አጥታ ነው? አሳዳጊዎቿ ወረቀታቸው የተሟላ ነበር። በ2013 በሞቷ ተፈረደባቸው፣ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም።

የጉለሌዋ፦
ያን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እነዚያ ባዕድ ናቸው። እኛ የምናወራው የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ ሁለት እህትማማቾች ነው።

ደብረ ብርሃን 04፦
እኔም እሱን ነው የምለው! የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሂሳብ የለም።

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር፦
ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ዘመድ ጋ ነው የሚያድገው። በየወሩ እልካለሁ። ፎቶ ይላክልኛል። ፎቶው ላይ ያለው ጫማ የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሁት ነው። ስጠይቅ «ልጅ ብዙ ይፈጃል» ይሉኛል። እዚህ ደግሞ «ወተት ብቻ ነው» ትላላችሁ። የእናንተ ኪስ ሲሆን ወተት፣ የእኔ ኪስ ሲሆን ብዙ! ስለዚህ እኔ «ደረሰኝ ይቆረጥ» ከሚሉት ወገን ነኝ። ለማንኛውም ልጁን በጉዲፈቻ ወስጄ ላመጣው አስቤያለሁ። እዚህ መንግሥት 17,280 ዶላር ይመልሳል አሉኝ።

ጠበቃው፦
ዜግነት ለውጠሃል?

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር፦
ግሪን ካርድ ነኝ።

ጠበቃው፦
እንግዲያው የ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ እገዳ አንተን አይመለከትም። አዋጅ 1070 በሩን የዘጋው በውጭ ዜጎች ላይ ነው። ችግርህ ያለው አንተ ጋ፣ አሜሪካ ነው። በጉዲፈቻ ልጅ ቪዛ ለማግኘት ልጁ 16 ሳይሞላው ጉዲፈቻው መጽደቅ አለበት። በዚያ ላይ በሕግ አሳዳጊነቱን ይዘህ ሁለት ዓመት አብራችሁ መኖር አለባችሁ። አንተ አሌክሳንድሪያ፣ ልጁ ባሕር ዳር። ሁለት ዓመት አገር ቤት ገብቼ ልኑር ካልክ ግሪን ካርድህን ማን ይጠብቅልሃል? ወላጅ አልባ የሚባለው መንገድ ደግሞ ለአሜሪካ ዜጎች ነው። 17,280 ያሉህም የ2025 ጣሪያው ነው፣ እሱም ለጉዲፈቻው ሂደት ከወጣ ወጪ ታክስ ላይ የሚቀነስ። የውጭ ልጅ ከሆነ ጉዲፈቻው ሳያልቅ አይታሰብም። በየወሩ የምትልከው እዚያ ውስጥ አይገባም። ለጫማ የላክኸውም።

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር፦
ጋሼ፣ ሞራሌን ነው የሰበርከው። ጫማውን እንኳ ብትተወው።

እታለም፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ያቺ የቤሩቷ እህት ነኝ ማለት እችላለሁ፣ አገሩ ብቻ ይለያል። ልጄን በአራት ወሩ ለእህቴ ትቼ ዱባይ ሄድኩ። ሁላችሁም ስለ ቆርቆሮ ታወራላችሁ። አውሮፕላን ላይ ልብሴ ራሰ። ጡቴ ገና አልደረቀም ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለብኩት። «ወተት ብቻ ነው» ያለው ሰውዬ ይሄን ይስማ።

ለእህቴ በየወሩ ልኬያለሁ። መጀመሪያ ስድስት ወር ግን አላክሁም፣ የደላላ ዕዳ ነበረብኝ። እህቴ ያን ስድስት ወር አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ። ስመለስ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። አለቀሰች፣ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ወሰደችው። አሁንም ልጄ «እማዬ» የሚለው እሷን ነው። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ።

ሃምሳ ሎሚ፦
እህቴ፣ ቁልቁል ሳነብ እንባዬ መጣ።

ደብረ ብርሃን 04፦
እዩ! እህቷ አልጠየቀችም። ራሷ ናት የሰጠችው። ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው።

የጉለሌዋ፦
«ከዚያ ወሰደችው» የሚለውን ዘለልከው?

ደብረ ብርሃን 04፦
ወሰደች እንጂ ጠየቀች አይልም።

የጉለሌዋ፦
የሬዲዮዋ ሴትዮ ታዲያ ፖስታ የሚሰጣት ስላጣች ጠየቀች። ልዩነቱ ይሄ ነው። እናንተ የምትወዱት ሳትጠይቅ የምትሞተዋን ነው።

ጠበቃው፦
እኔ ግን ሴትዮዋን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ። ልጄ ነው ካለች ወጪ አይጠየቅም፣ ለገዛ ልጁ ያወጣውን የሚያስመልስ የለም። አደራ ነው ካለች ደግሞ ሂሳቧን ትጠይቅ፣ ልጁንም ትመልስ። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም።

እታለም፦
ይቻላል ጋሼ። እህቴ ሁለቱንም ይዛለች።

የነቀምቴው፦
በቤተሰብ ሕጉም ቢሆን የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም እኮ። ለምን አትነግራቸውም?

ጠበቃው፦
አይቋረጥም፣ ግን ከሁለቱ ቤተሰብ መምረጥ ሲያስፈልግ የጉዲፈቻው ይቀድማል። ግማሹን ብቻ አትጥቀስ።

ደብረ ብርሃን 04፦
ከሥራ ስወጣ ሱቅ ገብቼ የቆርቆሮውን ዋጋ ጠየቅኩ። አቋሜ አልተለወጠም። ግን ያ ቆርቆሮ እንደዚህ ትንሽ ነው እንዴ?

ሃምሳ ሎሚ፦
አራት ቀን ብዬሃለሁ።

ደብረ ብርሃን 04፦
ሞግዚቷ ላይ ግን አሁንም አልስማማም።