ሃሎዊን ላይ ልጆችን በር ለበር እንልቀቅ ወይስ እንከልክል?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን ደረሰ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ከክፍሏ ልጆች ጋር በየቤቱ ዞሬ ከረሜላ ልሰብስብ ብላ አስጨንቃኛለች። ባለቤቴ ግን «ከረሜላው ውስጥ መርዝ ቢኖርስ?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ አልለቅም። መርዙም ይቅር፣ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ነው የሚውለው። የእመቤታችን ቀን፣ በዚያ ላይ ጽጌ ጾም! ልጄን የሰይጣን ልብስ አልብሼ በዚያ ቀን አላወጣም።

የማታ ሾፌር፦ በእምነትህ አልከራከርህም ወንድሜ። የመርዙን ወሬ ግን እንተወው። ሁሌ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1974 ቴክሳስ ውስጥ የሞተው የ8 ዓመት ልጅ ነው። ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያለበትን ከረሜላ የሰጠው እኮ የገዛ አባቱ ነው፣ ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ! በ1984 በሞት ተቀጣ። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ሶሲዮሎጂስት ጆኤል ቤስት ከ1958 ጀምሮ ያሉ ዜናዎችን አገላብጦ፣ የማያውቁት ሰው በመረዘው የሃሎዊን ከረሜላ የሞተ ልጅ አላገኘም። መኪና ግን ይገድላል። በ2019 የወጣ ጥናት የ42 ዓመት መረጃ አይቶ፣ ሃሎዊን ማታ እግረኛ ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ ከሌላ ምሽት በ43 በመቶ ይበልጣል ይላል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ 10 እጥፍ ነው። እኔ ያን ምሽት መሪ ይዤ ነው የማመሸው። ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ ከቆሙ መኪኖች መሃል ዘሎ ሲወጣ፣ ፍሬን ብትይዝም ላትደርስ ትችላለህ።

የሦስት ልጆች አባት፦ ታዲያ ይሄ የእኔን ሐሳብ አይደል የሚደግፈው? ፓርኪንግ ውስጥ መኪና አቁመው ከኋላው ከረሜላ የሚያድሉ አሉ። መሄዱ ግድ ከሆነ እዚያ ይሂዱ።

የአሌክሳንድሪያ እናት፦ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ልጆቻችን ጎረቤት የሚያውቁት መቼ ነው? እኛ ለቡሄ በየደጁ ሆያ ሆዬ እያልን አይደል ያደግነው? እኔ እለቃለሁ፣ ግን አብሬ እሄዳለሁ። ልጄ ኦቾሎኒ አይስማማውም፣ ስለዚህ ቤት ገብተን የተጻፈበትን ሳላነብ አንዲትም አይቀምስም። ለትንንሾቹም ደረቅ ከረሜላ አትስጡ፣ ያንቃቸዋል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። የመርዙን ነገር ተወው። አሁን ደግሞ «ሳይጨልም ካልሆነ አይሆንም፣ እኔም አብሬ እወጣለሁ» አለ። የጠንቋይ ልብሷ ግን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። እንቀይረው?

የማታ ሾፌር፦ አትቀይሩት፣ ታለቅሳለች። የሚያንጸባርቅ ቴፕ ገዝታችሁ ከፊትም ከኋላም ለጥፉበት፣ የከረሜላ ቦርሳዋም ላይ። ጭምብል ከጎን የሚመጣ መኪና ስለሚጋርድባት ፊቷን ቀለም ቀቧት። በአሜሪካ ሰዓት 5 ላይ ውጡ፣ ከ6 በኋላ ይጨልማል። አንዱን መስመር ጨርሳችሁ መስቀለኛው ላይ ተሻገሩ እንጂ ወዲያና ወዲህ አታቋርጡ። እጇን ደግሞ አባቷ ይያዝ።