በጋሌክስ ምስል ኤም 101ን ስለካ ድምሩ አልረጋ አለኝ

ጥያቄ (ሄኖክ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕዋ ቴሌስኮፖች መረጃ ከሚቀመጥበት ከማስት ማኅደር ባወረድኩት የጋሌክስ (የአልትራቫዮሌት የሕዋ ቴሌስኮፕ) ሩቅ አልትራቫዮሌት ምስል (100 ሴኮንድ ገደማ የተጋለጠ) ኤም 101 የተባለውን ጋላክሲ የከዋክብት ውልደት መጠን እየለካሁ ነው። የሰማዩን ዳራ በሚዲያን (ፒክስሎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው ዋጋ) ቀንሻለሁ፤ ሆኖም የመለኪያ ክቡን ባሰፋሁ ቁጥር ድምሩ ይጨምራል እንጂ አይቆምም። ውጤቱም ከሃይድሮጅን አልፋው (በግዙፍ ከዋክብት ዙሪያ ያለ ሃይድሮጅን ከሚያመነጨው ቀይ ብርሃን) ልኬት ጋር አልገጥም አለ። ችግሩ የት ይሆን?

መልስ (ራሔል)፦
ሚዲያኑ ነው። ያወጣኸውን የዳራ ቁጥር እስቲ እየው፣ ዜሮ መሆን አለበት። በሩቅ አልትራቫዮሌት ሰማዩ እጅግ ጨለማ ነው፤ በአንድ ፒክስል በሴኮንድ 0.0001 ቆጠራ ያህል ብቻ። በ100 ሴኮንድ ውስጥ ከመቶ ፒክስል አንዱ ላይ ፎቶን ቢያርፍ ነው፣ ሌላው ባዶ ነው። ስለዚህ ምንም አልቀነስክም ማለት ነው። 1,000 ሴኮንድ የተጋለጠ ምስል ብትወስድም ሚዲያኑ ያው ዜሮ ነው።

አማካዩን ውሰድ። ሲግማ ክሊፒንግ (ከአማካዩ በጣም የራቁ ዋጋዎችን መጣል) አታድርግ፤ ቆርጦ የሚጥለው እውነተኛውን ፎቶን ነው። በምትኩ ከዋክብቱንና የጀርባ ጋላክሲዎቹን በማስክ ሸፍን። የዳራ ቀለበቱን ከመሃሉ ከ18 እስከ 25 የቅስት ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ 1/60) አድርገው፤ 22 ደቂቃ ገደማ ላይ ያለችውን ትንሽ ጋላክሲ ኤንጂሲ 5477ንም መሸፈን እንዳትረሳ። የምስሉ ጠርዝ የውሸት ምንጭ ስለሚበዛበት ከመሃሉ 0.6 ዲግሪ አትለፍ።

መልስ (ዳዊት)፦
ራሔል ያለችው ልክ ነው። ስሌትህንም በዚህ ፈትሸው፦ በሴኮንድ 1 ቆጠራ 18.82 ኤቢ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ነው። ርቀቱን 6.7 ሚሊዮን ፓርሴክ ብትወስድ፣ አቧራው ሳይታረም፣ ከዚህ 1 ቆጠራ በዓመት 0.0005 የፀሐይ ክብደት ገደማ መውጣት አለበት። ይህም የብርሃን ኃይሉን በኧርግ በሴኮንድ አስልተህ፣ ከሎጋሪዝሙ 43.35 ስትቀንስ የውልደት መጠኑ ሎጋሪዝም ሆኖ የሚገኘው ነው። የኬኒከትን የ1998 ቀመር ከተጠቀምክ ግን የሳልፒተርን የክብደት ሥርጭት (ሲወለዱ ስንት ከባድና ስንት ቀላል ኮከብ እንዳለ የሚገልጽ ግምት) ስለሚከተል 1.6 እጥፍ ይበልጣል። ከሃይድሮጅን አልፋው ጋር ከማወዳደርህ በፊት ሁለቱ አንድ ሥርጭት መከተላቸውን አረጋግጥ።

የሚልኪ ዌይ አቧራ በዚያ አቅጣጫ ኢምንት ነው። የጋላክሲው የራሱ አቧራ ግን መታረም አለበት፤ አለዚያ ክንዶቹ ላይ ብዙ ውልደት ያመልጥሃል። የስፒትዘርን (የኢንፍራሬድ የሕዋ ቴሌስኮፕ) የ24 ማይክሮን ምስል አውርድ፣ አልትራቫዮሌቱን ወደ 6 የቅስት ሴኮንድ አደብዝዘህ ከእሱ ጋር አስተካክል፣ ከዚያ የኢንፍራሬዱን ኃይል በ3.89 አባዝተህ ደምርበት። ቀመሩ የተሠራው ለ25 ማይክሮን ነው፣ በ24ቱ መተካት ግን የተለመደ ነው።

ሄኖክ፦
አመሰግናለሁ፣ በአማካዩ ስሠራው ድምሩ ረጋ። ነጠላ ነጠላ የውልደት ቦታዎች ላይ ግን ከሃይድሮጅን አልፋው አሁንም ይለያል።

መልስ (ራሔል)፦
እዚያ ላይ እንዲገጥም አትጠብቅ። ሃይድሮጅን አልፋ የሚያሳየው ከ10 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ የተወለዱትን ግዙፍ ከዋክብት ነው፤ ሩቅ አልትራቫዮሌት ግን እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ይዘልቃል። ገና የፈካ ቦታ በመጀመሪያው ይበልጣል፣ ከዋክብቱ ያረጁበት በሁለተኛው ብቻ ይታያል። ማወዳደር ከፈለግህ ቢያንስ አንድ ኪሎፓርሴክ ስፋት ያለውን አካባቢ ደምረህ ለካ፤ በኤም 101 ርቀት ይህ 31 የቅስት ሴኮንድ ያህል ነው።