ለሻወር፣ ለበረንዳና ለእሳት ማንደጃ አንድ ዓይነት ቴምፐርድ መስታወት ይሆናል?

ፊኒሺንግ_ላይ (ጠያቂ)

ሰላም ባለሙያዎች። ጂ+1 ቤት ነው፣ መስታወት የቀረው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ የሻወር በር (80 ሳ.ሜ በ2 ሜትር)፣ የፎቅ በረንዳ መከለያ፣ ሳሎን ያለው የእሳት ማንደጃ በር። አልሙኒየም ቤቱ ለሦስቱም 10 ሚሊ ቴምፐርድ ላምጣ፣ አንድ ላይ ሲሆን ይረክሳል ይላል። ልስማማ? ቴምፐርድ ነው ብለው ኖርማል ቢያመጡስ በምን ይታወቃል?

መስታወት_ቆራጭ

ለሻወሩ ይሆናል። ለበረንዳው ብቻውን አይበቃም። ማንደጃው ላይ ጭራሽ እንዳይገባ።

ቴምፐርድ ያው ኖርማል መስታወት ነው፤ ከ620 ዲግሪ በላይ አግለው በአየር በድንገት ያቀዘቅዙታል። ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ላዩን ጨምቆ ይይዘዋል። ስንጥቅ ለመጀመር ይህን ጭምቀት ማለፍ ስላለበት ከኖርማሉ 4 ወይም 5 እጥፍ ይጠነክራል። ሲሰበር ደግሞ እንደ ሽምብራ ደቆ ይበተናል እንጂ ስለት አይሆንም። ሻወር ላይ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ለዚያ በር 8 ሚሊ ይበቃል። አንድ ካሬ መስታወት በየሚሊው 2.5 ኪሎ ስለሚመዝን 8 ሚሊው 32 ኪሎ፣ 10 ሚሊው 40 ኪሎ ይመጣል፤ ማጠፊያው ይህን መሸከም አለበት። የማጠፊያና የመያዣ ቀዳዳ ሁሉ የሚበሳው እሳት ከመግባቱ በፊት ነው። ቀዳዳው ከጠርዝ ቢያንስ የውፍረቱን 2 እጥፍ ይራቅ፣ ስፋቱም ከውፍረቱ አይነስ። ብረት መስታወቱን በቀጥታ አይንካ፣ መሃል ጎማ ይግባ። ፊቱን በቡጢ ብትመታው ላይሰበር ይችላል፤ ሲያወርዱት ጥጉ ሴራሚክ ላይ ኮሽ ካለ ግን አለቀለት።

ለመለየት፦ ጥጉ ላይ የታተመ ምልክት ፈልግ። ከሌለ ፖላራይዝድ መነጽር አድርገህ ሰማይ የሚያንጸባርቅበትን በሰያፍ እይ፤ ቴምፐርድ ከሆነ ደብዛዛ ነጠብጣብ ወይም መስመር ይታይሃል። ኖርማል ላይ ምንም የለም።

ፎቅ_ሠሪ

በረንዳው ላይ ልጨምር። ነጠላ ቴምፐርድ ሲሰበር በአንዴ ይረግፋል። የተደገፈው ሰው መከለያ አይኖረውም፣ ስብርባሪውም ታች ላለው ሰው ራስ ነው። ደግሞ ማንም ሳይነካው የሚፈነዳ አለ፦ መስታወቱ ውስጥ የቀረች የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ቀስ በቀስ አብጣ ትሰብረዋለች። ፋብሪካው ቴምፐርዱን ከ250 ዲግሪ በላይ መልሶ ለሰዓታት ካሞቀው ጉድለት ያለው አብዛኛው እዚያው ይሰበራል፤ ይህ መደረጉን ጠይቅ። ከፈነዳ በኋላ የተበተነውን ቶሎ አትጥረጉ። የተነሳበት ቦታ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተጣበቁ ሁለት ተለቅ ያሉ ስባሪዎች ካሉ ያቺ ቅንጣት ትጠረጠራለች፤ ማን ይክፈል ለሚለው ክርክር ይጠቅማል።

ስለዚህ ላሚኔትድ እዘዝ፦ ሁለት 8 ሚሊ ቴምፐርድ፣ መሃላቸው 1.52 ሚሊ ፒቪቢ (ሁለቱን የሚያጣብቅ ግልጽ ፕላስቲክ)፣ በጠቅላላ 17.52 ሚሊ። ሲሰበር ፒቪቢው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሁለቱም ቅጠል ከተሰበረ ግን እንደ እርጥብ ጋቢ ስለሚተጣጠፍ ከላይ የእጅ መደገፊያ ብረት አይቅር።

የሚበላሸው ሁልጊዜ ከታች ነው። መስታወቱ የሚቆምበት የአልሙኒየም ቦይ ውሃ ካቆረ ፒቪቢው ከጠርዙ ጀምሮ ይነጣል፣ ከዚያ ይላቀቃል። ቦዩን በስታችሁ ውሃ ማስወጫ አብጁለት። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲልከንም ፒቪቢ ስለሚጎዳ ኒውትራል የሚባለውን ግዙ።

ፊኒሺንግ_ላይ

አመሰግናለሁ። የሻወሩ ሴራሚክ ገና አልተለጠፈም። አሁን አስለክቼ ልዘዝ? ትንሽ ቢበልጥ በግራይንደር ይስተካከላል አይደል?

መስታወት_ቆራጭ

አይስተካከልም። ቴምፐርድ ላይ ግራይንደር ሲያርፍ ጭምቀቱ ይለቀቅና እጅህ ላይ ይፈነዳል። ሴራሚኩ ተለጥፎ ሲያልቅ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለካ፤ ሦስቱ ቁጥር እኩል የሚመጣበት ግድግዳ ብዙም የለም። ትንሹን ያዝና ለክፍተትና ለጎማ የሚሆነውን ቀንስ። ግድግዳው ካዘነበለ በካርቶን ቅርጹን አውጥተህ ላክላቸው።

ምድጃና_እቶን

ማንደጃው ተረሳ እንዴ? ቴምፐርድ ያለማቋረጥ የሚችለው እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ሲግል ጭምቀቱ ቀስ እያለ ይላላና ተራ መስታወት ይሆናል፤ አንድ ቀን መሃሉ ግሎ ጠርዙ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ለዳቦ መጋገሪያ ኦቭን በር ይሠራል፣ እንጨት ለሚነድበት አይሠራም። ቦሮሲሊኬት፣ የላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚሠራበት፣ በሙቀት የሚለጠጠው የኖርማሉን ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ ይሻላል፤ ለእሳት ፊት ግን የሚበጀው ሴራሚክ መስታወት ነው። ከሞላ ጎደል አይለጠጥም፣ 700 ዲግሪ አካባቢ ይችላል፣ 4 ሚሊው ለበሩ በቂ ነው። ሲገዙ ጠርዙን እዩ፦ ኖርማልና ቴምፐርድ አረንጓዴ ናቸው፣ ሴራሚኩ ወደ ቢጫ ያደላል።

መስታወቱ ባይለጠጥም የበሩ ብረት ይለጠጣልና ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሚሊ ክፍተት ተዉለት። መሃል የሚገባው የፋይበር ግላስ ገመድ ነው፤ ተራ ሲልከን እዚያ ይቃጠላል። ብሎኑን ገመዱ እስኪነካ ብቻ አጥብቁት፣ መስታወቱ በጣት ሲገፋ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት።