ቀልድና ልብ ሰቀላ በአንድ መጽሐፍ ይስማማሉ?

ወለተ ሐይቅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ በየአስራ አምስት ቀኑ የምንገናኝ ዘጠኝ አንባቢዎች ነን። ለሚቀጥለው ዙር የሚያስቅም ልብ የሚያንጠለጥልም ልብወለድ ፈልገን ሦስት መጻሕፍት ቀርበዋል። ሐቁን ልናገር።

የግሬሃም ግሪን «የኛ ሰው በሃቫና» (እ.ኤ.አ. 1958) ቁንጮው ነው። ለእንግሊዝ ስለላ የተመለመለው ቫኪዩም ክሊነር ሻጭ ዎርሞልድ የማሽኑን ክፍሎች አግዝፎ ይስልና «ምስጢራዊ መሣሪያ ተገኘ» ብሎ ለንደን ይልካል፤ አለቆቹም ያምኑታል። የሪቻርድ ኦስማን «የሐሙስ የግድያ ክበብ» (2020) ግድያ የሚመረምሩት ጡረተኞች ደስ ይላሉ፤ ከእነሱ የአንዷ፣ የጆይስ፣ የዕለት ማስታወሻ ብቻውን ያስቃል። መሐል ላይ ግን ገዳዩ ማን ይሁን ማን ግድ አይሰጥም። የፍሬድሪክ ፎርሳይት «የቀበሮው ቀን» (1971) ሳቅ የለውም ቢባል ይቀላል፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀልደኞች ሆነው ሳለ አንዱ ጠብቆ ሌላው ለምን ላላ? የትኛውን ልያዝ?

ዳማ በቆርኪ

ወለተ ሐይቅ፣ መለኪያው አንድ ነው፤ ቀልዱ ሰዓቱን ያቆመዋል ወይስ ይሞላዋል?

ግሪን ውስጥ ዎርሞልድ ከፖሊስ ሹሙ ከሻምበል ሴጉራ ጋር ዳማ የሚጫወትበትን ቦታ ተመልከቺ። ጠጠሮቹ ትንንሽ የውስኪ ጠርሙሶች ናቸው፤ በአንድ ወገን ስኮች፣ በሌላው ቡርቦን። የበላ ይጠጣል። እንግዲህ ጎበዙ ተጫዋች ብዙ በበላ ቁጥር ይሰክራል፣ ደካማው ደግሞ ጨዋ እንደሆነ ይቀራል። ዎርሞልድ ዓይኑ ያለው ሰውየው የታጠቀው ሽጉጥ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያሸንፈው እየተበላ ነው። ያንን ትዕይንት አውጥተሽ ብትጥይው ታሪኩ ይቆማል። ቀልድ ተሸካሚ ምሰሶ ሆነ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ላይ የፈጠራቸው ውሸቶች ቀስ በቀስ እውነተኛ ሰው መግደል ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሳቅሽበት ነገር በኋላ ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም) ሆኖ ይገኛል።

ኦስማን ዘንድ አብዛኛው ሳቅ ያለው የጆይስ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ማስታወሻ ደግሞ የሚጻፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጸሐፊዋ በሰላም ገብታ ሻይ አፍልታ እንደተቀመጠች አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ልብ ሰቀላው የሚያፈሰው በዚያ ቀዳዳ ነው። ምዕራፎቹ ማጠራቸው ያን ይሸፍንለታል እንጂ አይደፍነውም። መጨረሻ ላይ የሚደራረቡት ምስጢሮችም በዝተውብኛል።

አንጋፋ አንባቢ

በአስተያየቱ እስማማለሁ፤ «ቀበሮው» ግን በአንድ መስመር መታለፍ አልነበረበትም። ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ሊገድል ስለተቀጠረ ሰው ሲሆን የሚካሄደው በ1963 ነው፤ ደ ጎል በ1970 ቤታቸው ውስጥ እንዳረፉ መጽሐፉ ሲወጣ የማያውቅ አልነበረም። ደራሲው «ይገደላሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ጥሎ «ይህን ያህል የተዘጋጀ ሰው በምን ይከሽፍበታል?» በሚለው ይይዝዎታል። በልጅነቱ በሞተ ሰው የልደት ማስረጃ ፓስፖርት ማውጣት፣ በልክ የተሠራ ጠመንጃ፣ ጫካ ውስጥ ሐብሐብ ላይ የተኩስ ሙከራ፤ ሁሉም በደረቅ የባለሙያ ቋንቋ ነው የተጻፈው። ቀልድ ቢገባበት ያ ድርቀት ይሰነጠቅ ነበር። ለቡድንዎ ግን አልመርጠውም፤ ለውይይት የሚተርፍ ነገር ትንሽ ነው፣ ሁሉም «እንዴት ተሠራ» ላይ ይቀራል።

ደግሞ ምነው ባህር ማዶ ብቻ? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) አለ አይደል። አስመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ስለላ፤ በዚያ ላይ የጋዜጠኛው የፀጋዬ ሽሙጥ። እዚያ የሚያስቀው ሁሉ ባለሥልጣን ላይ ያነጣጠረ ስለሆነ ሳቁ ራሱ አደጋ ነው።

ሰምና ወርቅ

ለመምረጥ የሚረዳ ሙከራ ልጨምር። የመጽሐፉን መሐል ክፈቱና ሃያ ገጽ አንብቡ፤ መጀመሪያው አይሆንም፣ መጀመሪያው ላይ ሁሉም ደራሲ ይተጋል። በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ሳቅ ሲመጣ «ሳ»፣ አደጋ ሲጠጋ «አ» ጻፉ። ሁለቱ እየተፈራረቁ፣ አልፎ አልፎም አንድ መስመር ላይ ተደርበው ከመጡ ጥሩ ነው። አምስት ስድስት «ሳ» ያለ አንድ «አ» ከተከታተለ መሐሉ ላልቷል።

በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በአማርኛ የምትወያዩ ከሆነ ደግሞ የቃላት ጨዋታ አትምረጡ፤ ሲብራራ ይሞታል። የሁኔታ ቀልድ ግን ቋንቋ ይሻገራል። ከላይ የተነሳው ዳማ ማብራሪያ አይፈልግም፤ «መብላት» የሚለው ቃል እንዲያውም በአማርኛ ይበልጥ ያምርበታል።

ወለተ ሐይቅ

እግዜር ይስጥልኝ። ለዚህ ዙር ግሪን፣ ለቀጣዩ «ኦሮማይ»። የዳማውን ክፍል ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ ቆርኪ የሚያመጣ አለ፣ ውስኪው ግን ይቅር።